ማንአልሞሽ እንግዳ የምትሸኝበት ሰፈር ስትፈልግ

ማንአልሞሽ መኪና ውስጥ ስትገባ ጫማዋን ታወልቅ ነበር። ልጇ ፊሊጶስ «እማዬ፣ ታክሲ ነው እኮ፣ ቤተ መቅደስ አይደለም» እያለ ይስቅባታል። እሷም «እግሬ ሥራ ካልያዘ ጫማው ምን ይሠራልኛል?» ትለዋለች። ያኔ እኔም እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ቀልድ አልነበረም።

ማንአልሞሽ አዲስ አበባ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የመብራት ቆጣሪ ስታነብ የኖረች ሴት ናት። ደብተሯን በብብቷ ይዛ ከበር በር ትዞራለች። ሰፈርን የምታውቀው በስሙ ሳይሆን በውሻው ነው። «ያ ቀይ ውሻ ያለበት ዳገት»፣ «ያቺ አንካሳ ውሻ ያለችበት ቅያስ» ስትል የሰማ አድራሻ የምትናገር አይመስለውም። ጡረታ ስትወጣ የቢሮው ሰዎች የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት። «ጫማ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» ብላ ነገረችኝ።

ፊሊጶስ ወደ አሜሪካ ያመጣት በፈረንጆቹ ዘጠና አራት ይሁን ዘጠና አምስት እንጃ፤ ብቻ ሲያትል አጠገብ፣ ኬንት ላይ ቤቱን የገዛ ዓመት ነው። እሱ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳል። ሚስቱ ሩሐማ እዚያው አካባቢ ሆቴል ትሠራለች። ቤቱ አዲስ ነው፣ አራት መኝታ ያለው፣ የጋራዡ በር በራሱ ጊዜ ወደ ላይ የሚጠቀለል። ፊሊጶስ እናቱን ከክፍል ክፍል ካዞራት በኋላ ደጅ አውጥቶ አቆማት።

«ይኸውልሽ እማዬ፣ ጸጥ ያለ ሰፈር።»

«ጸጥታውንስ አየሁት። ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«ሥራ ናቸው።»

«ቅዳሜ ዕለት?»

«ሶ፣ ሱቅ ሄደው ይሆናላ።»

«ሱቁ የት ነው?»

«ቅርብ ነው፣ በመኪና አሥራ ሁለት ደቂቃ።»

«በእግርስ?»

ፊሊጶስ በእግር ሄዶ አያውቅም። እሷም በማግስቱ ልታጣራ ወጣች። የእግረኛው መንገድ ትንሽ ከወሰዳት በኋላ ያለ ምክንያት ቆመ አለችኝ፤ ሠራተኞቹ ለምሳ ሄደው ሳይመለሱ የቀሩ ይመስል። ከዚያ ወዲያ በሣሩ ላይ ነው የሄደችው። ሦስት መኪና ቆሞላት መኪናሽ ተበላሸ ወይ ብሎ ጠይቋታል። በአንድ ሰዓት ከሩብ ደረሰች፣ አንድ ራስ ሽንኩርት ገዛች፣ ተመለሰች። ሩሐማ ያንን ሽንኩርት ለመክተፍ አልጨከነችም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ማንአልሞሽ ችላው ነበር። ያልቻለችው የእንግዳውን ነገር ነው።

እንግዳ ሲነሣ ይሸኛል። ይሄን ማንም ያውቀዋል። ማንአልሞሽ ግን ከሁላችንም በላይ የምታጠብቅበት የራሷ ምክንያት ነበራት። «ሰው ቤት ውስጥ ስለ አየሩ ያወራል» ትላለች፤ «ዋናውን ነገር የሚያወጣው ሲሸኙት ነው። የሕመሙን፣ የልጁን አመል፣ የትዳሩን፣ ሁሉን መንገድ ላይ ነው የሚነግርሽ።» እውነቷን ነው። እኔም ስንቱን ነገር የሰማሁት አጥር ጥግ ቆሜ ነው። ኬንት ላይ ግን የእንግዳው መኪና ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። እንግዳው ይገባል፣ ቁልፉን ያዞራል፣ በመስታወት እጁን ያወዛውዛል፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን እንደያዘ ይሄዳል።

በመጀመሪያ መላ ፈጠረች። እንግዳ ሲመጣ «መኪናችሁን ታች መታጠፊያው ጋ ፓርክ አድርጉ» ማለት ጀመረች። ሰዉም እየሳቀ እሺ አላት። ፊሊጶስ ግን አፈረ። «እማዬ፣ ባለ ሁለት መኪና ጋራዥ ገዝቼ ሰው ፓርኪንግ የለውም ይበለኝ?»

ከዚያ የጋሼ መልከጸዴቅ ነገር መጣ። ጋሼ መልከጸዴቅ ከኬንት ቀጥሎ ባለችው ዴ ሞይን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸውን ሳይቆልፉ ከቤት የማይወጡ ጨዋ ሰው። በኅዳር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊጠይቋት መጡ። ዝናብ ስለነበረ ደጃፉ ላይ አቆሙ። ሲነሡ ማንአልሞሽ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለቻቸው፣ የመኪናውን በር ከፈተች፣ ጫማዋን አወለቀችና ገባች።

«ምነው ወይዘሮ ማንአልሞሽ፣ የሚሄዱበት አለ?»

«እስከ መታጠፊያው ልሸኝዎት ነው እንጂ።»

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ጋሼ መልከጸዴቅ አቆሙ። ዝናቡን አዩት። ሴት ወይዘሮ በዚያ ዝናብ እንዴት ያውርዱ? አዙረው ደጃፏ ድረስ መለሷት። እሷ ደግሞ አልወርድም አለች። «እንዴ! አሁን እኮ እርስዎ ነዎት የሸኙኝ። ሳልሸኝዎት እገባለሁ?» ደግመው እስከ መታጠፊያው ሄዱ። ደግመው ተመለሱ። ሁለቱም በዚያው በአንድ ሥርዓት ያደጉ ናቸውና ማን ለማን ይሸነፍ? በሦስተኛው ጋሼ መልከጸዴቅ ምንም ሳይናገሩ መሪያቸውን ወደ ዴ ሞይን አቀኑ። ባለቤታቸው ሠርካለም ማንአልሞሽን ያለ ጫማ በእግር ሹራብ ስታያት እንግዳ መጣ ብላ ራት አቀረበች።

ፊሊጶስ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እናቱ የለችም። ሰፈሩን በመኪና እየዞረ «እማዬ!» እያለ ሲጣራ አንዲት ጎረቤት ውሻ የጠፋበት መስሏት አብራው ፈለገች። በኋላ ሠርካለም ኮል ስታደርግለት ነው ነፍሱ የተመለሰችው።

«ምን ልሁንልሽ እማዬ?» አላት ሲያመጣት። «ምን ጎደለብሽ?»

«ወይ እንግዳ የምሸኝበት ሰፈር አግኝልኝ፤ ወይ እኔን ራሴን ሸኘኝ።»

እሱ ቀልድ መሰለው። እሷ ግን በማግስቱ ስልክ ደወለችልኝ። «ደስታነሽ፣ ነገ እግር አለሽ?» አለችኝ። አለኝ አልኳት፤ ያን ጊዜ ነበረኝ።

ፍለጋችን እንዲህ ነበር፦ አንድ ሰፈር እንደርሳለን፣ አንዱን በር ቤታችን ነው እንላለን፣ እኔ እንግዳ እሆናለሁ፣ እሷ ትሸኘኛለች። መጀመሪያ እኔ እኖርበት የነበረው ሲታክ ሞከርን፤ አፓርታማ እንደ ልብ ነው። «ደህና ሁኚ» ስትለኝ አውሮፕላን። «ልጅሽን ሰላም በይልኝ» ስትለኝ አውሮፕላን። አራተኛው ሲያልፍ እጇን ለሰማዩ አወዛወዘችና «ሂድ እሺ፣ አንተን ሸኘሁ» አለችው። ሌላ ቀን በመቶ ሃምሳ ቁጥር አውቶቡስ ሲያትል ገባንና አንድ ሐይቅ ዳር ሄድን። አግዳሚ ወንበር አለ፣ መንገዱ የተጠረገ ነው፣ ዳክዬ አለ። ማንአልሞሽ ወዲያ ወዲህ አየችና «ለሥዕል ጥሩ ነው» ብላ ተነሣች። የሚሮጠው ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ነበርና ማንን ሰላም ትበል?

ሦስተኛው እዚያው ሲያትል ውስጥ ያለው ቼሪ የሚባለው ሰፈር ነው። ሰኞ ቀን ነበር። ከአውቶቡስ ስንወርድ ኑሪያን አገኘናት፤ ኑሪያ የማውቃት የሐረር ሴት ናት፣ ጨዋታ የምታውቅ፣ ጉልበቷን የሚያማት። ሁለት ከረጢት ይዛ ዳገቱን ልትጀምረው ቆማለች።

«ይሄን ዳገት እንዴት ትችይዋለሽ?» አለቻት ማንአልሞሽ።

«ማን ቻለው? በሦስት ጊዜ ነው የምወጣው። ሥጋ ቤቱ ጋ አርፋለሁ፣ ልብስ አጣቢው ጋ አርፋለሁ፣ ከዚያ ቤቴ ነው። ወሬ ሳልሰማ አልገባም።»

ማንአልሞሽ ዓይኗ በራ። ከረጢቱን ተቀበለቻት። ኑሪያ የምትኖርበት ለአረጋውያን የሚከራይ የሸክላ ሕንፃ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተለቃ ነበር። መስኮቷ ወደ መንገዱ ያያል። ማንአልሞሽ ግድግዳዋን አላየችም፣ ወጥ ቤቷን አላየችም። «ነይ ልሸኝሽ» አለችኝና ወጣን።

ከደጃፉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አምስት ብሎክ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሁለት አውቶቡስ አልፎናል። በመንገድ የማናውቃቸው ሰዎች ሰላም አሉን፣ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ባርኔጣውን አነሣልን፣ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ አንዲት ልጅ ከፋሲካ በኋላ እንደምታገባ ነገረችን። ማቆሚያው ላይ ስንደርስ እኔ ራሴ፣ እንጃ ምን እንዳናገረኝ፣ ለልጄ እንኳ ያልነገርኳትን የዓይኔን ነገር ነገርኳት። ግራ ዓይኔ እየጨለመ ነበር። ማንአልሞሽ እጄን ይዛ ሰማችኝና «አየሽ?» አለች። «ይሄ ሰፈር ያናግራል።»

የሕንፃው ኃላፊ ሴትዮ ግን ጥብቅ ናት። እስከ ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ሰው ካልፈረመ ክፍሏን ለሚቀጥለው ወረፋ እሰጣለሁ አለች። ወረፋው ደግሞ ሁለት ዓመት ነው።

ፊሊጶስ ያን ማታ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። «አይሆንም! ብትወድቂ ማን ያነሣሻል?»

«መንገድ ላይ ከወደቅኩ ሰው ያነሣኛል። እዚህ ከወደቅኩ ግን ሣር የሚያጭደው ሰውዬ እስኪመጣ ነው።»

«ሰውስ ምን ይላል? ደጀ ሰላም ላይ ቆመው ‹ሚስቱ እናቱን አስወጣች› ይላሉ። እኔን አይደለም የሚሉት፣ ሩሐማን ነው!»

ሩሐማ ማንኪያ ስታጥብ ነበር፤ እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ማንአልሞሽ ምራቷን ትወዳታለች። ሌሊቱን አስባ ሲነጋ ስልኩን አነሣች።

«ጋሼ መልከጸዴቅ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«ለማን ነው የምንለምነው?»

«ለእኔ። ልጄን ለምኑልኝ፣ ለቼሪ ይስጠኝ።»

ጋሼ መልከጸዴቅ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። ከዚያ ግን ከረቫታቸውን ማሰር ጀመሩ፤ ነገሩ ገብቷቸዋል። ሽማግሌ ለምኖት የሰጠ ሰው አስወጣ አይባልም። ሦስት ሰው ያስፈልጋልና ኑሪያንና እኔን ጨመሩ። «ሴት ሽማግሌ የት ታይቷል?» አልኳቸው። «ለምነን ስናበቃ ይታያላ» አሉኝ።

ረቡዕ ፊሊጶስ የማይሠራበት ቀን ነው። ከምሳ በኋላ ሄድን። ማንአልሞሽ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች።

«እንዴ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ!» አለን ፊሊጶስ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ መልከጸዴቅ። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው።»

ኑሪያ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ጉልበቴ ብቻ ቢቀመጥ ጉዳዩ ይበላሻል?» አለችኝ።

ጋሼ መልከጸዴቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን ፊሊጶስ፣ እናትህን ወይዘሮ ማንአልሞሽን ለቼሪ ሰፈር እንድትሰጠን ነው አመጣጣችን።»

ሩሐማ አፏን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ፊሊጶስም ሊስቅ ነበር። ግን አልሳቀም። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ የሸሚዙን እጅጌ አወረደ። ለካ እሱም ሩሐማን ሲያገባ አባቷ ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ አመላልሰውበት ኖሯል፤ የሥርዓቱን ክብደት ያውቀዋል።

«ሰፈሩ ምን አለው?» አለ።

«ሱቅ አለው፣ አውቶቡስ በደጁ ያልፋል፣ ቤተ ክርስቲያን በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ይጠጣል?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ትንሽ ይላል» አሉ ጋሼ መልከጸዴቅ። «እሱን አንደብቅህም።»

«ይጮኻል?»

«መስኮት ሲዘጋበት ዝም ይላል» አለች ኑሪያ።

«ዳገት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ትንሽ ኩራት አለው» አልኩ እኔ። «ሲለምዱት ይገራል።»

ፊሊጶስ መሬት መሬት አየ። ፊቱ ላይ እሺታው መጥቶ ነበር፣ ሦስታችንም አየነው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲህ አክብራችሁ መጥታችኋል። ከዘመድ ጋር ልምከርበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ጋሼ መልከጸዴቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ ብለሃል» አሉ፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የት አለና። እጅ ነሥተን ወጣን። በሩ ላይ ደርሰን ነው ከጓዳ ጩኸት የሰማነው።

«ነገ ነው! ኧረ ነገ ጠዋት ነው!»

ሙሽራዋ ናት። ሁላችንም ባለንበት ደርቀን ቀረን። ከሥርዓቱ ማማር የተነሣ ሐሙስን ረስተነው ነበር።

«አሁን ምን ይደረጋል?» አለ ፊሊጶስ። ድምፁ የልጅ ሆነ። «ዛሬውኑ እሺ ካልኩማ ያው ነው፤ እናቱን ሊገላገል ቸኮለ ነው የሚባለው። እምቢ ካልኩ ደግሞ ሁለት ዓመት...»

ጋሼ መልከጸዴቅ ከረቫታቸውን ነካኩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ያን ጊዜ ሩሐማ ከወጥ ቤት ወጣች። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር። እጇን በሽርጧ ጠረገችና «ውጡ» አለችን።

«እኛን ነው?» አለች ኑሪያ።

«እናንተን ነው።»

አስወጣችንና በሩን ዘጋችው። ሦስታችን ዝናቡ ውስጥ ቆምን። «ተባረርን እንግዲህ» አለች ኑሪያ። ጋሼ መልከጸዴቅ ኮታቸውን ቆለፉ። አንድ ደቂቃ ይሁን ሁለት ከቆየን በኋላ በሩ ተከፈተ። ሩሐማ ሽርጧን አውልቃ ነጠላዋን በወግ ጣል አድርጋለች።

«እንዴት ሰነበታችሁ!» አለች። «ሁለቱ ሳምንት እንዴት ሄደ ጃል! ግቡ፣ ግቡ፣ ቤቶች እንዴት ናቸው?»

ጋሼ መልከጸዴቅ ወዲያው ገባቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉ ደኅና ነው። ቀጠሯችን ቢደርስ ጊዜ መጣን።»

«እኔን እዩኝ» አለች ኑሪያ፤ «ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህ ጉልበት ስቆም!»

ፊሊጶስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ነው ስል ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር። ዛሬም ድረስ የትኛው እንደነበረ አላውቅም።

«ከዘመድ መከርኩ» አለ ሩሐማን እያየ። «እሰጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ማንም ሰው ይቺን ሴት በክፉ እንዳያነሣት።»

ማንአልሞሽ ከጓዳ ወጣች፤ ሙሽራ እስኪጠሯት እንደምትቆይ ረስታዋለች። ሩሐማን አንገቷን አቅፋ «እኔ ነኝ የምሄደው፣ ማንም አልላከኝም» አለች። «እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ እናገረዋለሁ። ያልሰማ ካለ ቤቱ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ፣ በእግሬ።» ያኔ ተቀመጥን። ኑሪያ ከሁላችን ቀድማ።

ሐሙስ ጠዋት ፊሊጶስ ራሱ ነዳላት። እኔና ኑሪያ ሕንፃው ደጃፍ ቆመን ጠበቅናቸው። ማቆሚያ ቦታ አጥቶ ሕንፃውን አራት ጊዜ ሲዞረው አየነው። በመጨረሻ እናቱን አወረደና እሱ ጠፋ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዳገቱን በእግሩ ሲመጣ ላቡ በጆሮው ይወርዳል። ማንአልሞሽ የቢሮውን በር ይዛለት «ና እንጂ፣ ወጣት አይደለህ?» ትለዋለች።

ኃላፊዋ ሴትዮ ፎርሙን ሰጠችው። ስም ሞላ፣ ዕድሜ ሞላ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ላይ ደርሶ ብዕሩ ቆመ።

«ምን ይላል?» አለችው።

«ከዚህ በፊት የነበሩበትን ቤት ለምን ለቀቁ ይላል።» ድምፁ ቀዘቀዘ። ሲፈራው የኖረውን ጥያቄ ፈረንጂቷ ናት በወረቀት ያመጣችበት። «ምን ልበል እማዬ?»

«እውነቱን ነዋ።»

ብዙ አሰበ። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈና ለእኛ በአማርኛ አነበበልን፦ «ቤቱ ጥሩ ነው፣ ልጁም ምራቷም ይወዷታል፤ የምትሄድበት መንገድ ግን አልነበራትም።»

ሴትዮዋ አንብባ ፊሊጶስን ቀና ብላ አየችው። ጫማውንም አየች መሰለኝ፤ ጭቃ ነበረው። ከዚያ ማንአልሞሽ ፈረመችና ቁልፉን ተቀበለች። ዘጠኝ ዓመት ኖረችበት።

የዚያን ዕለት ግን ፊሊጶስ ሥራ ሊገባ ተጣድፎ ወጣና ወዲያው ተመለሰ። መኪናውን የት እንዳቆመው ጠፍቶበታል። አሥር ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው! ማንአልሞሽ ቁልፏን ጡቷ ሥር አስገብታ ነጠላዋን አጣፋች። «የምን ውሻ ነበር እዚያ?» ብላ ስትጠይቀው ሰማኋት። እኔና ኑሪያ ደረጃው ላይ ተቀምጠን አየናቸው፤ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቁልቁል ሲሄዱ፣ እሱ እጁን እያወራጨ አንድ ነገር ሲነግራት፣ እሷ ራሷን ዘንበል አድርጋ ስትሰማው። መኪናው ያለው በወዲያኛው ቅያስ ነበር፤ ኑሪያ ስትመጣ አይታዋለች። ልጣራና ልንገራቸው ስል ያዘችኝ።

«ተያቸው» አለችኝ።